የጠለለው ማርማላታ

በፍልሰታ ጾም፣ ከቅዳሴ መልስ ነበር። የወይዘሮ ለተ ማርያም ምራት ኢየሩስ ከሰፈራቸው ከሌክ ሜሪት ገበያ በገዛችው ጥቁር እንጆሪ፣ በብላክቤሪ፣ የሠራችውን ማርማላታ ከነጥቃቅን ፍሬው ለባሏ ዳቦ ላይ ቀባችለት። ለወይዘሮዋ ግን ሌላ ብልቃጥ ከፈተች። ውስጡ ያለው እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጄሊ ነው እማዬ። ያው ብላክቤሪው ነው፣ ጁሱ ብቻ።»

ጁስ ደግሞ መቼ ነው ቆሞ የሚንቀጠቀጠው? ጄሊ የሚረጋው በከብት አጥንት ነው ሲባል ሰምተዋል። «ልታስገድፈኝ ነው» አሉ በሆዳቸው።

«በምንድን ነው ያረጋሽው?»

«በአፕል ልጣጭና በሎሚ። ሌላ ምንም የለበትም።»

«ታዲያ የእኔ ለምን ተለየ?»

ኢየሩስ ባሏ ቡና ሊቀዳ እስኪነሳ ጠብቃ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ባለፈው ፍሬው ከጥርስዎ ሥር ገብቶብዎት፣ ጥርስዎን አውልቀው ሲያጥቡ አየሁዎት። ለዚያ ነው በሻሽ ያጠለልኩት።»

ወይዘሮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ መሆኑን ልጃቸው እንኳ አያውቅም። ምራታቸውን አፍጥጠው አዩዋት።

«ለእሱ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

ዳቦውን ገፋ አደረጉላት።

«በይ እንግዲያው፣ ደህና አድርገሽ ቀቢልኝ።»