የሦስት ፍራሽ ላስቲክ

አቶ ዳኘ የቆሻሻ ማዳበሪያውን በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው ያዩና መልሰው በሩ ላይ ያስቀምጡታል። ሁለት ሃይላንድ፣ አንድ የዘይት ጀሪካን፤ አለቀ።

«ወይዘሮ ገነቴ፣ ጎረቤት ነንና አይቀየሙኝ» ይላሉ። የሰፈሩ የጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። «ከጀርባዎ ያለው ቦይ በፌስታልና በዳይፐር ተደፍኗል። ፎቁ ሰባት ክፍል፣ ቆሻሻው ግን ለድመት ራት አይበቃም። የቀረው የት ሄደ እየተባለ ነው። ነገ ስብሰባው ላይ ስምዎ ሊነሳ ነው።»

«በስልሳ ስምንት ዓመቴ ለማን ዳይፐር ላስር?»

ቆሻሻ ሰብሳቢዋ ሐዳሳ ፊቷን ወደ ጋሪዋ አዙራ ሳቋን ትውጣለች። አቶ ዳኘ ግን አይስቁም። «ቤቴ በዘመድ ተሞልቷል ሲሉ አልነበር? የሕፃን ነገርማ ከዚያ ይመጣል።»

እውነታቸውን ነው። ሲመሽ የሰባቱንም ክፍል መብራት እያበራች ቤቱን በወሬ ብቻ በሰው የሞላችው ራሷ ገነቴ ናት። ልጆቿ ከደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ልከው መላው ሆሳዕና የሚያየው ፎቅ ሠሩላት፤ የሚያዋራት ሰው ግን ከየት ይላክ? ኦና ቤት ተቀምጣ ትቀራለች ከመባል ውሸቱ ይሻላል ብላ ነበር። አሁን ውሸቱ ሌላ ስም ሊያወጣላት ነው፤ ቦይ ደፋኝ።

«ግቡ» ትላለች። «ቤት ለእንግዳ።»

መጀመሪያ ጓሮ ትወስዳቸዋለች። የድንቹ ልጣጭ፣ የጎመኑ ግንድ፣ የምድጃው አመድ ሁሉ እንሰቱ ሥር ነው፤ እናቷም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ማድ ቤት ይገባሉ። አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ ታጥቦ ተደፍቷል። ከዚያ ፎቅ ይወጣሉ። ሦስት መኝታ ቤት፣ በየቤቱ አንድ አንድ አልጋ። ፍራሾቹ ከሱቅ የመጡበት ላስቲክ እንኳ አልወለቀላቸውም።

«የጴጥሮስ፣ የሚክያስ፣ የሶፎንያስ» ትላለች። «ሲመጡ ራሳቸው ያወልቁታል ብዬ ነው። ይኸው ስድስት ዓመቱ። ዘመድ የሚባልም የለም አቶ ዳኘ፤ መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ።»

ይሄን ስትል ፊቷ በእፍረት ይግላል። ደግሞ ቀለል ይላታል፤ የቱ እንደሚበልጥ አታውቅም።

አቶ ዳኘ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። «ይቅር ይበሉኝ። ነገ ስምዎን የሚያነሳ የለም፣ እኔ አለሁ።» ከዚያ ዓይኗን ላለማየት ይመስላል ቀድመው ይወርዳሉ።

ማዳበሪያውን ይዛ አብራቸው የወጣችው ሐዳሳ ልትከተላቸው ትልና የጴጥሮስ ክፍል በር ላይ ትቆማለች። «እማማ፣ እንግዲያው በየቅዳሜው ላስቸግርዎ? ለሁለት ሃይላንድ በወር አንዴ ብመጣ ይበቃል። እርስዎም በር ከመክፈት ያርፋሉ።»

ልጅቷ ደግ የተናገረች መስሏታል። ገነቴ በር መክፈት ሳይሆን አለመክፈት እንደሰለቻት በምን አፏ ትንገራት? ከሳምንት እስከ ሳምንት በሯን የሚያንኳኳው ይሄ የሐዳሳ እጅ ብቻ ነው።

ጎንበስ ትልና የጴጥሮስን ፍራሽ ላስቲክ ጫፉን ይዛ ትስበዋለች። እምቢ ይላታል። በጥርሷ ትቀደውና በሁለት እጇ እስከ ግርጌው ትዘለዝለዋለች። ጴጥሮስ የበኩር ልጇ ነው። ሐዳሳ ማዳበሪያውን ከፍታ ትይዝላታለች።

«ይሄ የዛሬ ነው» ትላለች ገነቴ፣ ላስቲኩን እየጠቀጠቀች። «የሚክያስ ለሚመጣው ቅዳሜ። የሶፎንያስ ደግሞ ለዚያኛው። እስከዚያ ድረስ ትመጫለሽ አይደል?»

ሐዳሳ ቀሪዎቹን ሁለት በሮች ታያለች። ከዚያ ማዳበሪያውን መሬት ታስቀምጥና፣ ጫማዋን አውልቃ፣ የጴጥሮስ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ትላለች።