ያልተነካው ብሎን

"አባዬ፣ አትንካው!"

እጁ ብሎኑ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ሚዛኑ ላይ የወጣው የሳሙና ዱቄት ከረጢት ከልኩ ትንሽ አልፏል። ሲከብድ የመሙያ ማሽኑን ብሎን ወደ ግራ ነካ፣ ሲቀል ወደ ቀኝ መለስ፤ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። "የሱ እጅ ሚዛን ነው" ይባልለታል።

"ከብዷል እኮ!"

"ይክበድ። ከሁለቱ ቀይ መስመሮች እስካልወጣ ተወው።" ልጁ ማሽኑ አጠገብ የሰቀለችውን ሰንጠረዥ አሳየችው። የትናንቶቹን ከረጢቶች ክብደት የሚያሳዩት ነጥቦች እንደ ተበተነ ጥሬ ወዲያና ወዲህ ተረጭተዋል። "ማሽን ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ተፈጥሮው ነው። በየከረጢቱ ስትነካካው ግን ታባብሰዋለህ።"

"እኔ ነኝ የማባብሰው?"

ከረጢት የሚሰፉት ሴቶች ቀና አሉ። ልጁን ፋብሪካው ልኮ አሠልጥኗት፣ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ስትመለስ ሰፈሩን በወሬ ያደነቆረው እሱ ነበር። አሁን ግን ሰው ፊት፣ በገዛ ሙያው!

"አንድ ፈረቃ ብቻ ታገሠኝ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ካልሆነ ሰንጠረዡን ራሴ ቀድጄ እጥለዋለሁ።"

"እሺ፤ ጉድሽን አያለሁ።"

እጆቹን ኪሱ ከተተ። አንዱ ከረጢት ሲከብድ ጥርሱን ነከሰ። ቀጣዩ ሲቀል ጣቶቹ ኪሱ ውስጥ ዞሩ። አሁን ይበላሻል፣ አሁን "ኧረ ድረስልን!" ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። የልጁን መዋረድ እየተመኘ መሆኑ ገባውና አፈረ። ምኞቱ ግን አልለቀቀውም።

አልተበላሸም። ነጥቦቹ እየተጠጋጉ፣ መሃሉን እየያዙ ሄዱ። የሚጠራውም አልነበረም።

የፈረቃው ደወል ሲጮህ ልጁ እየሮጠች መጣች። "አየህ? አየህ አይደል!" ፊቱን ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

"ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን" አላት፣ "ምን ስሠራ ኖርኩ?"

"አባዬ... አንተ እኮ ልፋትህ..." ብላ ጀመረች።

ኃላፊው በዚያ ሲያልፍ ሰንጠረዡን አየና የአባትየውን ትከሻ መታ መታ አደረገው። "ለካ ያላንተም ይሄዳል! በል እንግዲህ፣ እፎይ በል!" ቀልዱን ነበር። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ለመሳቅ ሞከረ።

ቀጣዩ ተረኛ እጅጌውን እየሰበሰበ ደረሰ። "እሺ ጋሼ፣ ምን ላድርግ?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም አትንካ። ዝም ብለህ እየው።"

ተረኛው ፊቱ በራ። በርጩማ ስቦ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።