የእሑዱ የሥጋ ዳቦ

«አትጨፍልቂው፤ ሊጥ አይደለም» አሉ አማቷ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «በጣትሽ ጫፍ አገላብጪው። ከጨፈለቅሽው እንደ ጫማ ሶል ነው የሚደርቀው።»

እጇን ከጎድጓዳው ሳህን አወጣች። እስከ አንጓዋ ድረስ የተፈጨ ሥጋ ተለድፎበታል። መልሳ ከተተችና ቀስ ብላ ማገላበጥ ያዘች። ወተት የጠጣው ዳቦ ገና ከሥጋው ጋር አልተዋሐደም፤ እዚህም እዚያም ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል።

እሑድ እሑድ እዚህ ቤት መምጣት የጀመረችው አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው። ባሏ የመብራት ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ቀን ምሰሶ ላይ ወጥቶ በሕይወት አልወረደም። እሷ ግን እሑዷን አልተወችም። ከመነጽር መሸጫ ሱቋ የምታርፈው በዚያች ቀን ብቻ ቢሆንም አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች። ሁለቱ ሴቶች ምሳ ይበላሉ፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ኑሮ ያወራሉ፤ የሱን ስም ግን እምብዛም አያነሡም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሥጋ ዳቦውን ከአማቷ በቀር ሰው ነክቶት አያውቅም። «ይኼ የኔ ነው፤ አንቺ ሰላጣውን ክተፊ» ነበር የሚሏት። ዛሬ ግን ገና በር ስትገባ ሽርጡን አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ጣታቸውን ቁርጥማት ጠንቶባቸው ይሆናል ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ደግሞም የራሷ ጭንቀት ነበረባት። ስንት እሑድ እነግራቸዋለሁ ብላ መጥታ፣ ሳትናገር ተመልሳለች። ዛሬም አውቶቡስ ላይ ስትለማመደው የመጣችው ቃል ደጃፉ ላይ ስትደርስ ጥሏት ጠፋ።

«ሽንኩርቱስ?» አለች።

«ፈቅፍቂው። ከከተፍሽው ጥርስ ላይ ይመጣል፤ ከፈቀፈቅሽው ግን ውኃው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ዳቦውና እሱ ናቸው እንዳይደርቅ የሚይዙት።»

ፈቀፈቀች። እንቁላሉን ሰብራ ጨመረች፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰች። ሁሉንም ረዘም ባለው መጋገሪያ ውስጥ ስታስተኛው አማቷ ተነሥተው መጡና ጫፍ ጫፉን በማንኪያ ጀርባ ደልደል አደረጉት። ስኳር ነካ ያደረጉትን የቲማቲም ድልህ ከላይ ቀቡትና ኦቨኑ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ የቀረውን ዕቃ ተጋግዘው አጠቡ።

«እማማ» አለች በመጨረሻ፤ ፊቷን ወደ ኦቨኑ መስታወት አዙራ።

«እ?»

«የምነግርዎት ነገር ነበረኝ።»

«ንገሪኛ።»

«አንድ ሰው...»

«አናጺው?»

ዞር አለች። አማቷ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ይሰበስባሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። የመነጽሬ እጀታ ላልቶብኝ ላስጠብቅ ሱቅሽ ድረስ መጥቼ ነበር። ከውጭ በመስታወቱ አየኋችሁ። እሱ መደርደሪያ ይመታል፣ አንቺ ትስቂያለሽ።» ፍርፋሪውን ሳህን ላይ አራገፉት። «እንደዚያ ስትስቂ ካየሁሽ ቆይቷል። ገብቼ ላቋርጥሽ አልፈለግሁም፤ ተመለስኩ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ሩቅ ነው የሚወስድሽ?»

«ሥራው ሌላ ከተማ ነው። ከወር በኋላ እንሄዳለን።»

«እንግዲያ እሑድ እሑድ መምጣቱ አይሆንማ።»

«አይሆንም» አለች።

የሥጋው ሽታ ቤቱን ሞላው። አማቷ በፎጣ ይዘው መጋገሪያውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዳር ዳሩ ገና ይንቸሰቸሳል። ቢላዋ ስታነሣ እጇን ያዙት።

«ይረፍ። በትኩሱ ከቆረጥሽው ፈሳሹ ሁሉ ወጥቶ ሥጋው ድርቅ ይላል።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ልጄ ይኼን አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ዞር ስል ጎርሶ፣ አፉን ተቃጥሎ እንደ ሕፃን ይዘል ነበር።»

እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ሁለቱም እንፋሎት የሚተፋውን መጋገሪያ እያዩ ቁጭ አሉ።

«ሴት ልጅ ድሬ አላውቅም» አሉ አማቷ። «አንድ ወንድ ነው የወለድኩት። እናት ልጇን ስትሸኝ ምን እንደምትላት፣ ምን እንደምትሰጣት አላውቅበትም። ሳስብ ሳስብ የማውቀው ይኼ ብቻ ሆነ።»

ያን ጊዜ ነው ሽርጡን ለምን እንዳጠለቁላት የገባት። አንገቷ ላይ ያለውን ማሰሪያ በጣቷ ነካችው።

«አሁን ቁረጪው።»

ቆረጠችው። ቁራጩ ሳይፈረፈር፣ ውስጡ ወዝ ይዞ ሙሉውን ተነሣ። ስትቀምሰው አፏ ውስጥ ሟሟ። አማቷ አልቀመሱም፤ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ስትጎርስ ያዩዋታል።

«ግማሹን ለአናጺው ጠቅልይለት። በልቶ ይመስክር።»

ጠቀለለች።

«እማማ... እየደወልኩ እማማ ልልዎት እችላለሁ? ከዚህ በኋላ?»

«ታዲያ ማን ልትዪኝ ኖሯል?»

ይህን ብለው ተነሡ። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደው ጀርባቸውን ሰጧትና ቧንቧውን ከፈቱ። ውኃው ይንዶቀዶቃል፤ አማቷ ሁለት እጃቸውን የገንዳው ጠርዝ ላይ ተክለው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ገንዳው ውስጥ የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።