ቀጭን ጉርሻ

ሙሽራይቱ ጉርሻዋን ይዛ ወደ አባቷ ስትዞር እንጅባራ ላይ በተጣለው ዳስ ውስጥ ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ ይሄነው ግን አፋቸውን አልከፈቱም። ሰፋ አድርገው ሲከፍቱ ከጆሯቸው ሥር ቀጭ ይልና መንጋጋቸው ይያዛል፤ አፋቸው እንደተከፈተ ይቀራል። ያውም ዛሬ፣ በልጃቸው መልስ፣ ከዳንግላ በመጡት አማቾች ፊት!

«ምነው አማች፣ እርስዎ ብቻ ጦም ነዎት እንዴ?» አሉ የሙሽራው አባት። ዳሱ በሳቅ ሞላ።

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያጎረሰቻቸው ሚስታቸው ብቻ ነበረች። እንጀራውን እንደ ጣት አቅጥና ትጠቀልልና በግራ መዳፏ አገጫቸውን ከሥር ደገፍ አድርጋ በከንፈራቸው ጥግ ታስገባላቸው ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ከማንም እጅ ጎርሰው አያውቁም። አሁን እምቢ ቢሉ ግን ልጃቸውን በሰው ፊት ማሳፈር ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የመጣው ይምጣ ብለው ከንፈራቸውን ሲያላቅቁ አገጫቸው ሥር ለስላሳ መዳፍ አረፈ። ደንግጠው ዓይናቸውን ገለጡ። የልጅቷ ጉርሻ ከጣቷ አይወፍርም፤ በከንፈራቸው ጥግ ገባ። መንጋጋቸው ቀጭ አለ፤ አልተያዘም።

«ትንሽ ሳለሁ» አለች ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ «ይሄ ቀጭ የሚለው የዶሮው አጥንት ይመስለኝ ነበር። እማዬ ናት ‹ተይ፣ የአባትሽ መንጋጋ ነው፤ እንዳትስቂ› ያለችኝ።»

እጇን ልትመልስ ስትል አቶ ይሄነው ያጎረሰቻቸውን አላምጠው ሳይጨርሱ አገጫቸውን መልሰው መዳፏ ላይ አሳረፉ።