የጓሮው በር

የደብሩ አለቃ ያሠሩት የጥቁር ድንጋይ ቪላ አልቆ የቀረው የጓሮው በር ብቻ ነበር። “ጠበብ አድርገው፤ ለገረድ ይበቃል። በዋናው በር የሚያልፈው እንግዳና ካህን ነው” አሉት ግንበኛውን።

ጠበብ አድርጎ ገነባው። “ይህን እንኳን ሰው መብረቅም አይፈታው፣ አባ” ብሎ ኮራ። አለቃው በሥራው ስለ ተደሰቱ ሴት ልጁን ትርንጎን በገረድነት ቀጠሩለት።

በስድስተኛው ዓመት ትርንጎ እዚያው ቤት ታማ ሞተች። የሬሳ ሣጥኗ በጓሮው በር አልወጣ አለ። ግንበኛው ወደ ዋናው በር ዞረ። አለቃው መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

“ሥርዓት ነው፣ ልጄ” አሉት።

ግንበኛው ቤቱ ሄዶ መዶሻውን አመጣ። ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትቆም የጓሮውን በር መቃን ቀጠቀጠው። አንዲት ድንጋይ እንኳ አልተነቃነቀችም።