የጋሽ ድንበሩ ጉርሻ

እትዬ አመልማል ትሪውን መሀል አስቀምጠው ከጎረቤታቸው ከጋሽ ድንበሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከጣሪያው ላይ የተተከለችው ትንሽ የካሜራ ዓይን ሁለቱንም ታያለች። አረጋውያን በቤታቸው እንዲኖሩ ተብሎ የወጣው ደንብ አጭር ነው፤ ራሱን የቻለ ከቤቱ አይነካም፣ የሰው እጅ ሲረዳው የታየ ግን ወደ መጦሪያው ይወሰዳል።

ጋሽ ድንበሩ ነገ ይወሰዳሉ። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያሰሩላቸው ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም፤ እትዬ አመልማል ራሳቸው ናቸው።

«እኔ ነኝ ያስወሰድኩዎት» አሉ እትዬ አመልማል ወጡን እያወጡ።

«ተይ እንግዲህ! ይልቅ ሳይቀዘቅዝ እንብላ» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

በሉ። ጋሽ ድንበሩ ሊነሱ ሲሉ ግን የዕድሜ ልክ ልማድ ነውና ከዶሮው ፈልፈል አድርገው በእንጀራ ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ እትዬ አመልማል አፍ ዘረጉ።

«በሞቴ! የስንብት ናት።»

እትዬ አመልማል ቀና ብለው የጣሪያውን ዓይን አዩ። ሟች ባላቸው የሠራላቸውን ቤት አሰቡ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ።

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ድንበሩ ጉርሻውን ከትሪው ዳር አሳርፈው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

እትዬ አመልማል የቀዘቀዘውን ጉርሻ በገዛ እጃቸው አንስተው ጎረሱት።

«ጎበዝ እትዬ!» አለ ከጣሪያው የሚወጣው ለስላሳ ድምፅ። «ዛሬም ራስዎን ችለው በሉ።»