አራት ዓመት ያላለቀው ባኞ ቤት

«አራት ዓመት ሙሉ አንድ ባኞ ቤት?! አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም?»

የጮኸው የቤቱ እመቤት ልጅ ነበር።

ግንበኛው ከተንበረከከበት ቀና አለ። ፀጉሩ የሸበተ፣ የልጁን አባት የሚያህል ሰው ነው። እጁ ላይ እርጥብ ሲሚንቶ... ጉልበቱ ስር የታጠፈ ካርቶን።



ልጁ ከሚስቱና ከትንሿ ልጁ ጋር እናቱ ቤት ከደረሰ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም። ለሥራ ወደዚያው አቅጣጫ ስለሚሄድ ጠዋት ደውሎ «መንገድ ላይ ነን፣ በዚያው እንየሽ ብለን ነው» ብሏታል።

አምስት ሰዓት ሙሉ በዝናብ ነድቶ ሲገባ ያየው ነገር አናደደው።

ኮሪደሩ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ የድሮው አረንጓዴ። የእንግዳ ክፍሉ መስኮት መስታወት የለውም... የተወጠረበት ፕላስቲክ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይርገበገባል። የጓዳው በር እጀታ ስለሌለው በጨርቅ ነው የሚታሰረው።

ባኞ ቤቱማ አይወራም። ሴራሚኩ ተነቃቅሎ፣ ባልዲውና አሸዋው መሐል ላይ ተዘርግፎ...

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሚስቱ ጃኬቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ልጅቷን ብርድ ሊመታብኝ ነው» አለችው በሹክሹክታ። «ነገ በጠዋት እንውጣ።»

እናቱ ሽር ጉድ ላይ ናት። አንዴ ብርድ ልብስ ታመጣለች፣ አንዴ ማሞቂያውን ወደ ልጅቷ ታስጠጋለች።

«ቤቱ ሳያልቅ መጣችሁብኝ እኮ!» ትላለች እየሳቀች... ዓይኗ ግን ይቅበዘበዛል።

ይህች እናት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። «ሀሎ፣ አንዴ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» እያለች ስንቱን ሰው ከሰው አገናኝታለች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን የእሷ ስልክ እምብዛም አይጠራም።

«ብቻዋን ስላገኘሃት ነው አይደል መጫወቻ ያደረግሃት?» ልጁ ባሰበት።

ግንበኛው ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገው።

«ቀስ በል ልጄ፣ እንዳይሰሙህ።»

«ትስማ! ምን ይመጣል?»

«ባኞ ቤቱ እኮ አልቆ ነበር።»

«ምን?»

«ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚሁ በብርዱ ወቅት። እትዬ እዚህች ጋ ቆመው አዩትና አጨበጨቡ። ወዲያው ስልካቸውን አንስተው ላንተ ደወሉ። እኔ ዕቃዬን እያጠብኩ ነበር... ‹አለቀ የኔ ልጅ፣ አሁን መምጣት ትችላላችሁ› ሲሉህ ሰምቻለሁ።»



ልጁ አስታወሰ።

«ባኞ ቤቱ ሲያልቅ እንመጣለን» ያላት ራሱ ነበር። አለቀ ስትለው ደግሞ... «ብርዱ ይለፍና እማዬ።» ብርዱ ሲያልፍ ሥራ በዛ። ሥራው ቀለል ሲል የሚስቱ እህት ሰርግ ደረሰ። ከዚያማ ሌላ ብርድ መጣ።

«በሳምንቱ ደወሉልኝ» ቀጠለ ግንበኛው። «‹ሴራሚኩ ለቀቀ› አሉኝ። እርጥበት ነው ብዬ መልሼ ለጠፍኩት። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ለቀቀ። በሦስተኛው... ጠርዙን ሳየው የካቻቢቴ ጭረት አለበት።»

«ማለት...?»

«ራሳቸው ናቸው የሚነቅሉት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። ላፋጥጣቸው ሳሎን ስገባ ሁለት ኩባያ ሻይ ቀድተው እየጠበቁኝ ነው። ‹ቁጭ በል እስቲ፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ እናውራ› አሉኝ። ያኔ ገባኝ... እዚህ ቤት ሰው የሚመጣው የተበላሸ ነገር ሲኖር ነው።»

ልጁ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ኮሪደሩን ልጨርስ ስላቸው ‹ባኞ ቤቱ ይቅደም› ይሉኛል። ባኞ ቤቱ ሲደርስ ‹ኧረ መስኮቱ!› እኔም እሺ እላለሁ። በየሐሙሱ መጥቼ አንድ ሁለት ሴራሚክ እለጥፍና ሻዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም። የአንተን ልጅነትማ በቃሌ ነው የማውቀው... ጥርስህ የተነቃነቀ ጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቀህ እንቅልፍ እንደወሰደህ ሳይቀር።»

«ይቅርታ... ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ልጁ። አንቱ ማለቱን ራሱም ልብ አላለውም።

ግንበኛው ትከሻውን ቸብ አድርጎት ወደ ሥራው ተመለሰ።

ልጁ ሳሎን ሲገባ እናቱ ተንበርክካ ለልጅቷ ካልሲ እየደረበችላት ነበር።

«ተጣላችሁ እንዴ?» አለችው ደንገጥ ብላ። «እሱን እንዳትቆጣብኝ! ሴራሚኩ ነው እምቢ ያለው... ይሄ እርጥበት...»

«አውቃለሁ እማዬ። እርጥበቱ ነው።»

አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እጇን ያዘ። በረዶ ሆኗል።

«ነገ አንሄድም። እኔ ሥራዬን ጨርሼ ወደዚሁ ነው የምመለሰው። ሳምንቱን እዚሁ ነን።»

ሚስቱ ልትናገር አፏን ከፈተች... የባሏን ዓይን ስታይ ተወችው። ቀስ ብላ የጃኬቷን ዚፕ ከፈተች።

እናትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ ምራቷን አየች።

«ቤቱ ሳያልቅ?»

«ቤቱ ሳያልቅ።»

በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን ጠረገችና ብድግ አለች።

«እንግዲያው ብርድ ልብሱ አይበቃንም!»

ወዳጆቼ... እናት አባቶቻችን «ቧንቧው ያፈሳል»፣ «ቴሌቪዥኑ እምቢ አለኝ» ብለው ሲደውሉ ዕቃው ምንም ላይሆን ይችላል። ናፍቃችሁኛል ማለት ከብዷቸው ይሆናል። ሁሉም ነገር እስኪመቻች የምንጠብቅ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ያልቅና የሚከፍትልን ሰው እናጣለን።

እስቲ በእውነት እንነጋገር... እናንተን ከእናታችሁ ደጃፍ ያስቀራችሁ «ይሄ ይለፍና» የቱ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ግን መጀመሪያ ደውሉላት። 👇